የብብትን ሳይጥሉ የቆጡን ማውረድ፤ በጎልማሳነት ወደ ኮምፒውተር ትምህርት ስለመመለስ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ንግግሬ ሥራ ከያዙ፣ ትዳር ከመሠረቱና ልጅ ማሳደግ ከጀመሩ በኋላ የኮምፒውተርን ሙያ ለመማር ወደ ክፍል ስለሚመለሱ ጎልማሶች ነው። በዚህ ሙያ ከ20 ዓመት በላይ ሳስተምር ከማታ ተማሪዎቼ ሁለት ጥያቄዎች ሳይቀርቡልኝ ያለፈ መንፈቀ ዓመት የለም። የመጀመሪያው «ዶክተር፣ ጊዜው አላለፈብኝም?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የያዝኩትን ሙያ ትቼ ሙሉ በሙሉ ወደዚህ ልግባ?» የሚል ነው።

ጥያቄዎቹ የግል ይመስላሉ። ሆኖም የፋኩልቲያችንም ጉዳይ ናቸው። የማታ ተማሪ ለእያንዳንዱ ክሬዲት ከደመወዙ ይከፍላል። የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ ከወሰደ በኋላ በቀጣዩ መንፈቀ ዓመት ስሙ ከመዝገብ ሲታጣ፣ የባከነው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። «ይህ ሙያ ለእንደ እኔ ያለ ሰው አይደለም» የሚል ፍርድ በራሱ ላይ ፈርዶ ይሄዳል። እኔ ይህ ፍርድ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ባየሁት ልክ ጎልማሳውን የሚጥለው ዕድሜው ሳይሆን ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛው ያካበተውን ዕውቀት እንደሌለ ቆጥሮ ከዜሮ ለመጀመር መሞከሩ ነው። ሁለተኛው የሳምንቱ ሰዓት በቅጡ ሳይሰላ መመዝገቡ ነው። የመጀመሪያው በተማሪው እጅ ነው፤ ሁለተኛው ግን የእኛንም እጅ ይጠይቃል። ንግግሬ እነዚህን ሁለቱን ለማስረዳት ይሞክራል።

ዕድሜ የሚወስደውና የማይወስደው

አስቀድሜ «ሙያው የወጣቶች ነው» የሚለውን አስተሳሰብ ልመርምር። የሙያው ታሪክ ይህን አይደግፍም። ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1934 ከየል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተው በቫሳር ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይልን ተቀላቅለው፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ሐርቫርድ ማርክ 1 በተባለው ግዙፍ ማሽን ላይ ሥራ ሲጀምሩ ዕድሜያቸው 37 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ከኮምፓይለሮች ቀደምት አንዱ የሆነውን ኤ-ዜሮ የተባለውን ሥርዓት ሠሩ። ከዚያም ትእዛዝ በምልክትና በቁጥር ብቻ ሳይሆን የንግድና የሒሳብ ሰዎች በሚያውቋቸው የእንግሊዝኛ ቃላት መጻፍ እንዳለበት ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 መነደፍ የጀመረው ኮቦል የተባለው ቋንቋ ከዚህ ሐሳብ ብዙ ወስዷል። የእርሳቸው ሥራ የቀድሞ ሙያቸውን በመተው የመጣ አይመስለኝም። ለሌላ ሰው የሚገባ ቋንቋ መፈለግ የመምህር ጠባይ ነው፤ ያንን ጠባይ ይዘው ገቡ።

ይሁን እንጂ ዕድሜ ምንም አይለውጥም ብዬ ተማሪዎቼን አላሞግስም። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ሬይመንድ ካቴልና ጆን ሆርን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሁለት ዓይነት የአእምሮ ችሎታዎችን ለይተው አሳይተዋል። አንደኛው ፈጽሞ አዲስ የሆነን ችግር በፍጥነት የመፍታት ችሎታ ነው፤ ይህ ከጉርምስና በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ሁለተኛው በትምህርትና በልምድ የተጠራቀመ ዕውቀት ነው፤ ይህ በጎልማሳነት ዘመን ጸንቶ ይቆያል፣ ይጨምራልም። በቤተ ሙከራችን የምናየውም ከዚህ ጋር ይስማማል። የ20 ዓመቱ ወጣት በግማሽ ሰዓት የጨረሰውን መልመጃ የ41 ዓመቷ ተማሪ በአንድ ሰዓት ትጨርሰዋለች። ነገር ግን «ይህ ፕሮግራም ለማን ይጠቅማል? መረጃው ቢጎድል ምን ይሆናል?» ብላ የምትጠይቀው ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። ፍጥነት አንድ ነገር ነው፣ ጥራት ሌላ ነገር ነው።

ሙያው የሚጠይቀው ምንድን ነው?

ከውጭ ሲታይ የኮምፒውተር ሙያ የማሽን ዕውቀት ይመስላል። ከውስጥ ሲታይ ግን ሐሳብን ያለ አሻሚነት የመግለጽ ሙያ ነው። በመሥሪያ ቤት «ጉዳዩን እንደ ሁኔታው ተመልከቱት» ብለን ደብዳቤ ስንመራ፣ የተቀረውን ተቀባዩ በልምዱ ይሞላዋል። ኮምፒውተር ግን «እንደ ሁኔታው» የሚለውን አያውቅም። ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝረን፣ ለእያንዳንዱ የሚደረገውን መናገር አለብን።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በፊደል ተራ የተደረደሩ 1,000,000 ስሞች የያዘ መዝገብ አለን እንበል። አንድን ስም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን ብንፈልግ ሚሊዮኑን ሁሉ ልናይ እንችላለን። ነገር ግን መዝገቡን መሃል ላይ ብንገልጠው፣ የምንፈልገው ስም ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ መሆኑን ወዲያው እናውቃለን፤ ግማሹ ተጣለ። የቀረውን እንደገና መሃሉን እንገልጣለን፤ እንደገና ግማሹ ተጣለ። በዚህ መንገድ ስሙን ለማግኘት፣ ወይም አለመኖሩን ለማረጋገጥ፣ ቢበዛ 20 ጊዜ መግለጥ ይበቃናል። ምክንያቱም 2ን 20 ጊዜ በራሱ ብናባዛው ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ኮርሶች የምናስተምረው አልጎሪዝም ነው። የረጅም ጊዜ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ለማስረዳት አያስቸግረውም፤ እጁ አስቀድሞ ያውቀዋል። እርሱ የሚጎድለው እጁ የሚያውቀውን በትእዛዝ መልክ መጻፍ ነው።

ብዙዎች የሚፈሩት ሒሳቡን ነው። ይህ ፍርሃት ከፊሉ ትክክል፣ ከፊሉ የተጋነነ ነው። የማሽን ትምህርትን ወይም ሥዕላዊ ሶፍትዌርን ለሚመርጥ ሰው ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲና ካልኩለስ ያስፈልጉታል። ለአብዛኛው የመረጃ ሥርዓት ሥራ ግን በየቀኑ የሚያስፈልገው አመክንዮ፣ የስብስብ ሐሳብና የቆጠራ ዘዴ ነው። «አመልካቹ ከ18 ዓመት በላይ ከሆነ እና መታወቂያ ካለው፣ ወይም ሞግዚቱ ከፈረመ ይፈቀድ» የሚል መመሪያ በትክክል አንብቦ መቼ እንደሚፈቀድና መቼ እንደማይፈቀድ መለየት የሚችል ሰው የአመክንዮን መሠረት ይዟል።

ከሒሳብ ይልቅ ጎልማሳውን የሚፈትነው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ስሕተት ነው። ፕሮግራም በመጀመሪያው ሙከራ አይሠራም። የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው ባለሙያም በቀን ውስጥ ደጋግሞ የስሕተት መልእክት ያያል፤ አንብቦት፣ አርሞት ይቀጥላል። በሥራ ቦታው ሰው የሚያማክረው የክፍል ኃላፊ ግን በልጆቹ ዕድሜ ባሉ ተማሪዎች መካከል ተቀምጦ በቀይ የተጻፈውን መልእክት ሲያይ እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ላለመሳሳት ብሎ መሞከሩን ያቆማል። በዚህ ሙያ ደግሞ መሞከር ያቆመ ሰው መማር አቁሟል። ለማታ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት የምነግራቸው ይህን ነው፤ ቀዩ መልእክት የፈተና ውጤት አይደለም፣ ማሽኑ የሚሰጣችሁ መልስ ነው። አንብቡት።

በብብት ስላለው

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ አበው። ወደ ኮምፒውተር የሚመለሱ ጎልማሶች በብብታቸው የያዙት የቀድሞ ሙያቸው ነው። «15 ዓመት በሒሳብ ሥራ አባከንኩ» የሚል ተማሪ ሲያጋጥመኝ «አላባከንክም፤ ግማሹን ትምህርት ይዘህ መጥተሃል» እለዋለሁ። ይህ ማጽናኛ እንዳይመስል በሦስት ተጨባጭ ጉዳዮች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ የምታውቀውን አስቡ። «ፀሐይ» የሚለው ስም መጀመሪያው በ«ፀ» ወይም በ«ጸ» ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው ፊደል «ሐ»፣ «ሀ» ወይም «ኀ» ሊሆን ይችላል። ይህ ብቻ 6 አጻጻፍ ነው፤ «ሓ»ን፣ «ሃ»ንና «ኃ»ን ከጨመርን 12 ይሆናል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። ለኮምፒውተር ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይዟልና። ስለዚህ ባለፈው ወር በአንዱ አጻጻፍ የተመዘገበች ታካሚ ዛሬ በሌላው ስትፈለግ «አልተገኘችም» ይባላል፤ አዲስ ካርድ ይወጣላታል፤ የቀድሞ ሕክምናዋ ታሪክ ተለይቶ ይቀራል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስሙ በባለቤቱ አጻጻፍ ተቀምጦ፣ ለፍለጋ ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ይመለሳሉ። ከባዱ ነገር ይህ መፍትሔ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ያቺ ሠራተኛ ታውቀዋለች። እርሷም ደግሞ ከውጭ የመጣ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ሲል የእኛ ሦስተኛ ስም የአያት እንጂ የቤተሰብ እንዳልሆነ፣ ሴትም ስታገባ ስሟን እንደማትለውጥ ታውቃለች።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ነርሷ «መድኃኒቱ በ2 ሰዓት ተሰጥቷል» ብላ ስትጽፍ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ከሆነ በሌላው አቆጣጠር 8:00 ማለቷ ነው። ሥርዓቱ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን 2:00 ብሎ ቢመዘግበው የ6 ሰዓት ስሕተት ተፈጠረ። በየ8 ሰዓቱ በሚሰጥ መድኃኒት ላይ 6 ሰዓት ቀላል አይደለም። ይህን አደጋ በሥራ ላይ ያየች ነርስ ፕሮግራም ስትጽፍ የሰዓቱን አቆጣጠር ሳትጠይቅ አታልፍም።

ሦስተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። ዓመታችን 13 ወር አለው። ጳጉሜን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም 6 ቀን ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስናካፍለው 3 ሲተርፍ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በመጨረሻውም ጳጉሜን 6 ትሆናለች። 2015 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር፤ በዚህም ምክንያት የ2016 ዓዲስ ዓመት የዋለው መስከረም 1፣ በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 12 እንጂ 11 አልነበረም። የሒሳብ ሠራተኛው የወር ደመወዝ ለጳጉሜን ተለይቶ እንደማይከፈል፣ በቀን የሚታሰብ ወለድ ግን ጳጉሜንንም እንደሚቆጥር ያውቃል። የአንድ ወር ርቀት ሁለት ዓይነት ስሌት እንዳለው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሒሳብ መዝገብ ነው የተማረው።

እነዚህን ነገሮች ወጣቱ ተማሪም እንደ ኢትዮጵያዊ ያውቃቸዋል። ልዩነቱ ማወቅ ብቻ ሳይሆን መዘዛቸውን ማየት ነው። አንድ ካርድ ጠፍቶ ወረፋው ሲቆም ያየ ሰው፣ ኮድ ሲጽፍ የሚያስበው ስለዚያ ወረፋ ነው።

ስለ ሥራ ገበያው በግልጽ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ «ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በመጡበት ዘመን ይህን መማር ይጠቅማል?» መሣሪያዎቹ ለጀማሪ ይሰጡ የነበሩ ቀላል የኮድ ሥራዎችን በደቂቃ ይሠራሉ። ስለዚህ ኮድ መጻፍን ብቻ የተማረ ሰው ከመሣሪያው ጋር ይወዳደራል። ነገር ግን መሣሪያው ዓመቱን 12 ወር አድርጎ ቢጽፈው ፕሮግራሙ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ይሠራል። ስሕተቱን የሚያየው ኮዱንም ጳጉሜንንም የሚያውቅ ሰው ነው። ምን መሠራት እንዳለበት የሚወስንና የተሠራው ትክክል መሆኑን የሚመረምር ሰው ተፈላጊነቱ አልቀነሰም።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ የቀድሞ ሙያችሁን አትተዉ። ነርስ ከሆናችሁ ወደ ጤና መረጃ ሥርዓት፣ የሒሳብ ባለሙያ ከሆናችሁ ወደ ፋይናንስ ሶፍትዌር፣ መምህር ከሆናችሁ ወደ ትምህርት ቴክኖሎጂ ተሻገሩ። በዚያ መንገድ የምትወዳደሩት ገና ከተመረቀ ወጣት ጋር በእርሱ ሜዳ አይደለም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሥራችሁ አሁን ባላችሁበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የሚገኘው፤ በእጅ የሚሠራውን ሪፖርት በፕሮግራም እንዲሠራ ማድረግ ልትጀምሩ ትችላላችሁ።

አንድ ምክር ልጨምር። ለመመዝገቢያ ከመክፈላችሁ በፊት ሙያውን ቅመሱት። በሐምሌ 2016 ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በበይነ መረብ ያለ ክፍያ የፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ትምህርቶችን አቅርቧል። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲኤስ 50 የተባለ የመግቢያ ኮርስም በነጻ ይገኛል። እንዲህ ያሉ ኮርሶች ዲግሪን አይተኩም። ነገር ግን ስድስት ሳምንት ያህል በሳምንት ሦስት ማታ ተቀምጣችሁ፣ ስሕተት ፍለጋው ራሱ ደስ ካላላችሁ፣ ያንን ማወቅ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ያተርፍላችኋል። ሰው ሙያው እንደማይስማማው ቀድሞ ማወቁም ትምህርት ነው።

የሳምንቱ ሒሳብ

አሁን ወደ ሁለተኛው መሰናክል ልግባ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ 48 እንያዝ። በቀን 7 ሰዓት መኝታ 49 ይሆናል። በስድስት የሥራ ቀናት በቀን 2 ሰዓት ለመጓጓዣ 12 ነው። ድምሩ 109፣ የሚቀረው 59 ሰዓት ነው።

አሁን አንድ ተማሪ ባለ 3 ክሬዲት ሦስት ኮርሶች ይመዝገብ። ክፍል ውስጥ 9 ሰዓት ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት 2 ሰዓት የግል ጥናት ብንሰጥ 18 ይሆናል፤ ፕሮግራሚንግ ከዚህም በላይ ይፈልጋል። በድምሩ 27 ሰዓት። ከ59 ላይ 27 ሲነሳ 32 ይቀራል፤ በቀን አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። በእርሷ ውስጥ ምግብ፣ ልብስ አጠባ፣ የልጆች የቤት ሥራ፣ የታመመ ዘመድ፣ ጸሎት፣ እድር፣ ለቅሶና ሰርግ ይገባሉ። መብራት የጠፋበትን ማታ አልቆጠርኩም። ለቤት እመቤትነትም ለሥራም በምትሮጥ እናት ላይ ይህ ሒሳብ ፈጽሞ አይገጥምም።

ኮርሶቹ ሁለት ቢሆኑ ግን ትምህርቱ በሳምንት 18 ሰዓት ይወስዳል። ከባድ ነው፤ ግን ይቻላል። ዋጋው የዓመታት መርዘም ነው። በዓመት 6 ኮርስ የሚወስድ ሰው 40 ኮርስ ያለውን ዲግሪ ለመጨረስ ወደ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ይህን ሒሳብ ተማሪው በምዝገባ ቀን ቢያየው፣ ከባለቤቱና ከቤተሰቡ ጋር ተማክሮ ቢስማማበት ይሻለዋል። በአራት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ ጀምሮ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ከሚወድቅ፣ በሰባት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ የጀመረ የመድረስ ዕድሉ የሰፋ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከእኛ የሚጠበቀው

ለመሆኑ ሁሉም ሰባት ዓመት መጠበቅ አለበት? እዚህ ላይ ኃላፊነቱ ወደ እኛ ይዞራል። ሌሎች አገሮች ለዚህ ጥያቄ የሰጧቸው መልሶች አሉ።

የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል፣ የቀድሞ የትምህርት ማስረጃን ለመግቢያ ቅድመ ሁኔታ አላደረገም። ሠራተኛው በቤቱ ሆኖ እንዲማር አደረገ፤ ዲግሪውን ለማግኘት ግን የሚጠበቀውን የትምህርት ደረጃ ማሟላት ግድ ነበር። በሩ ሰፊ፣ ደረጃው የጸና ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ቴክ እ.ኤ.አ. በ2014 ሙሉ በሙሉ በበይነ መረብ የሚሰጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ሲጀምር ጠቅላላ ክፍያውን ወደ 7,000 ዶላር አወረደው። በዚህ መርሐ ግብር ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አማካይ የበይነ መረብ አመልካቹ 34 ዓመት፣ አማካይ የመደበኛው ክፍል አመልካች 24 ዓመት ነበር። መንገዱ ሲመቻች የመጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ቀድሞ በር ያልነበራቸው። በብሪታንያ ደግሞ በሌላ ሙያ ዲግሪ ያለው ሰው በአንድ ዓመት ገደማ ወደ ኮምፒውተር የሚሻገርባቸው የሽግግር ማስተርስ መርሐ ግብሮች አሉ።

የእኛ ሁኔታ ከእነዚህ የተለየ ነው፤ የመብራቱም፣ የኢንተርኔቱም፣ የገቢውም ልክ ይለያል። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አምስት ነገሮችን ለፋኩልቲያችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣን የሒሳብ ባለሙያ ወይም ነርስ ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ከማስጀመር ይልቅ የሽግግር ማስተርስ እናዘጋጅ። እስከዚያው ቀድሞ የወሰዳቸው የጋራ ኮርሶች ያለ ምልልስ የሚያዙለት ግልጽ አሠራር ይኑር።

ሁለተኛ፣ ለማታ ተማሪዎች የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ በሁለት መንፈቀ ዓመት ይከፈል። ይዘቱ አይቀነስ፤ ጊዜው ይርዘም።

ሦስተኛ፣ ቤተ ሙከራው ቅዳሜና እሑድ ክፍት ይሁን። በቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ የሚለማመድበት ሌላ ቦታ የለውም።

አራተኛ፣ ፈተናችን የፍጥነት ውድድር አይሁን። አንድ ተማሪ አልጎሪዝሙን መረዳቱን ልንለካ ስንፈልግ በ50 ደቂቃ ስድስት ጥያቄ መስጠት የምንለካው ሌላ ነገር ነው። የጻፈውን ኮድ ፊት ለፊት እንዲያስረዳ ማድረግ ኮዱን ከመሣሪያ መቅዳቱን ጭምር ይለይልናል።

አምስተኛ፣ የመመረቂያ ሥራው ተማሪው ከሚሠራበት ቦታ የተወሰደ እውነተኛ ችግር ይሁን፤ የታካሚም ሆነ የደንበኛ ምስጢራዊ መረጃ ሳይነካ። መሥሪያ ቤቱም ይጠቀማል፣ ተማሪውም የብብቱን ይዞ ይመረቃል።

ከእነዚህ መካከል ደረጃን ዝቅ የሚያደርግ አንድም የለም። ከ2015 ጀምሮ የምንሰጠው የመውጫ ፈተና ዕድሜን አይጠይቅም፤ የማታውንም የመደበኛውንም በአንድ ሚዛን ይመዝናል፤ እንዲያ መሆኑም ተገቢ ነው። እኔ የምጠይቀው ሚዛኑ እንዲቀየር አይደለም። ወደ ሚዛኑ የሚያደርሰው መንገድ የሠራተኛውን ሳምንት ያገናዘበ ይሁን ነው የምለው። በማታ መርሐ ግብር ገንዘብ የሚከፍል ተማሪ የገቢ ምንጭ ብቻ ተደርጎ ከታየ፣ የተመዘገበበት ቀን ለእኛ በቂ ይሆናል። እንደ ተማሪ ከታየ ግን የሚመረቅበት ቀን የእኛም ሥራ ነው።

ውድ የማታ ተማሪዎች፣ የመጀመሪያውን ጥያቄያችሁን ሳልመልስ እንዳልቀር። ጊዜው አላለፈባችሁም። የሚጠበቅባችሁ ግን ወጣት መምሰል አይደለም። በሳምንት 18 ሰዓት ካላችሁ ሁለት ኮርስ ያዙ፤ ከሌላችሁ አንድ ያዙ። ቀዩን መልእክት አንብቡ። በሥራችሁ ላይ በየቀኑ የሚያስቸግራችሁን አንድ ነገር በማስታወሻ ጻፉት፤ እርሱ የመጀመሪያ ፕሮግራማችሁ ይሁን። ውድ መምህራን፣ እናንተም በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ የማታ ተማሪዎቻችሁን «ምን ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከመልሶቻቸው ውስጥ ለኮርሳችሁ የሚሆን ምሳሌ፣ ምናልባትም ለምርምራችሁ የሚሆን ጥያቄ ታገኛላችሁ።

 ጥያቄና አስተያየት ካላችሁ መድረኩ ክፍት ነው።